የንጉሥ እጅና የሕዝብ ሥር
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንነጋገርበት ያቀረብነው ጥያቄ አጭር ነው። ሃይማኖትን በአንድ አገር የሚያጸናው የንጉሥ እጅ ነው ወይስ የሕዝብ ልብ? ጥያቄው ለታሪክ ተማሪዎች ብቻ የተተወ ይመስላል። ከወልቂጤና ከቡታጅራ ለመጣን ለእኛ ግን የቤታችን ጉዳይ ነው። አዛንና የቅዳሴ ደወል በአንድ ንጋት በሚሰሙበት ከተማ ያደገ ሰው፣ እነዚህ እምነቶች በማን እጅ መጡ፣ በማንስ ጸኑ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ከሩቅ እንጀምር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በሕንድ አገር አሾካ የሚባል ንጉሥ ነበር። ካሊንጋ የተባለውን አገር በጦር ያዘ። በዚያ ጦርነት 100,000 ሰው እንደ ተገደለ፣ 150,000 ሰውም ከአገሩ እንደ ተጋዘ ራሱ ንጉሡ ከነጸጸቱ በድንጋይ ላይ አስቀርጿል። ከዚያ ወዲያ የቡድሃን ትምህርት ደገፈ፤ ለመነኮሳት ስጦታ ሰጠ፤ ቃሉንም በግሪክና በአራማይክ ቋንቋ ጭምር አስጻፈ። የስሪላንካ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ልጁ ማሂንዳ ወደዚያች ደሴት ተሻግሮ ንጉሧን አስተማረ።

የሚያስደንቀው ግን ፍጻሜው ነው። በትውልድ አገሩ በሕንድ ቡድሂዝም እንደ ናላንዳ ባሉ ታላላቅ ገዳማት ላይ ተደግፎ ኖረ፤ ገዳማቱም በነገሥታት ስጦታ ይኖሩ ነበር። በ12ኛው መቶ ዓመት ደጋፊዎቹ የፓላ ነገሥታት ሲወድቁና ገዳማቱ በጦር ሲፈርሱ እምነቱም ከአብዛኛው የሕንድ አገር ጠፋ። በስሪላንካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1815 የመጨረሻው የካንዲ ንጉሥ ከዙፋኑ ወረደ፤ ሃይማኖቱ ግን አብሮ አልወረደም። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። በእኛ አስተያየት ግን ትልቁ ልዩነት ይህ ነው፤ በአንደኛው አገር መነኩሴው የንጉሥ ጎተራ ጥገኛ ሆኖ ከመንደሩ ራቀ፣ በሁለተኛው የገበሬው ቤት እንግዳ ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በአራተኛው መቶ ዓመት የአክሱም ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ተቀበለ። አስተማሪው ፍሬምናጦስ፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው፣ በእስክንድርያ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተሾመ። የዒዛናን ገንዘብ ያየ ሰው ለውጡን በዓይኑ ያነባል፤ ቀድሞ ጨረቃና ክብ ፀሐይ በነበሩበት ቦታ መስቀል ተተካ። ንጉሥ የገንዘቡን ምልክት በአንድ ትእዛዝ ይለውጣል፤ ገበሬውን ለማስተማር ግን ትውልድ ይፈጃል። ተሰዓቱ ቅዱሳን መጥተው በየገጠሩ ገዳም የመሠረቱትና ያስተማሩት ከዒዛና በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እንደ ሆነ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይናገራል።

የጉራጌ አገር ይህን ነገር ከማንም በላይ ያስረዳል። በክስታኔ ሽማግሌዎች ትውፊት መሠረት፣ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን (እ.ኤ.አ. 1314–1344) አዝማች ስብሐት ከጉራ ሠራዊት አስከትሎ ወደ አይመለል መጣ። የንጉሥ እጅ እንግዲህ እዚህም ደርሶ ነበር። በኋላ ግን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1529–1543) መንገዱ ተቋረጠ፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን የክርስቲያን ነገሥታት ክንድ ወደዚህ አገር አልደረሰም። ምን ሆነ? በአብዛኛው የሰባት ቤት አገር ሕዝቡ ለዋቅ፣ ለቦዠና ለደሟሚት ይሳል ነበር። በክስታኔ ግን ክርስትናው ያለ ንጉሥ ቆየ። ያው የንጉሥ እጅ ነበር፤ ሥሩ ግን በአንደኛው ቦታ ጠለቀ፣ በሌላው አልጠለቀም።

እስልምናስ? በምዕራብ ጉራጌና በቀቤና ሐሰን እንጃሞ የምኒልክን ጦር ሲቋቋም ኖሮ በ1881 ዓ.ም. ግድም በራስ ጎበና ጦር ድል ሆነ። ዙፋኑ የክርስቲያን ነበርና እስልምና ከዚያ ወዲያ የንጉሥ ድጋፍ አልነበረውም። ነገር ግን አልቀነሰም፤ ሰፋ እንጂ። በቸሃ የአብሬት ሼኾች ደቀ መዛሙርት አስተማሩ፣ የተጣላ አስታረቁ፤ ሕዝቡም ስለቱን ይዞ ወደ እነርሱ ጎረፈ። ነጋዴውም እምነቱን ከሸቀጡ ጋር ከገበያ ገበያ አደረሰ።

ለቤተ ክርስቲያን ደግሞ ፈተናው በየካቲት 1967 ዓ.ም. መጣ። የገጠር መሬት አዋጅ ነገሥታት በዘመናት የሰጧትን ርስትና ጉልት በአንድ ቀን ወሰደ። ያን ጊዜ ካህኑን የመገበ፣ ጣሪያውን ያደሰ ማን ነው? በሰበካ ጉባኤ ተሰብስቦ ከኪሱ ያዋጣው ምእመን ነው።

ምናልባት ከመካከላችሁ «ያለ ዒዛናና ያለ አሾካ በሩ ይከፈት ነበርን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ንጉሥ መንገድ ይጠርጋል፣ መጽሐፍ ያስጽፋል፣ መምህር ያስመጣል፤ ይህን አንክድም። እኛ የምንለው፣ በሩን የከፈተ ሁሉ ቤቱን አላቆመም ነው።

ጓደኞቻችን፤ ይህ ነገር የጥንት ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ነገሥታት የሉም። ሹም በተሾመ ቁጥር ግን «የእኛ እምነት ሰው ነው» ብሎ የሚደሰት፣ በሌላ ጊዜም «የእነርሱ ነው» ብሎ የሚከፋ ከየወገኑ አይጠፋም። እምነቱ በሹመት ደብዳቤ እንዲያድግለት የሚመኝ ሰው፣ ደብዳቤው ሲሻር እምነቱም እንዲሻር ፈቅዷል ማለት ነው። አሾካ ራሱ ካስቀረጻቸው ቃሎች አንዱ፣ የሌላውን እምነት የሚያዋርድ ሰው የገዛ እምነቱን ይጎዳል የሚል መንፈስ አለው። ከ2,200 ዓመት በኋላ ለወልቂጤና ለቡታጅራ ልጆች የተነገረ ይመስላል።

አባቶቻችን ሌላም መንገድ አሳይተውናል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ መንግሥትን ብቻ ሳይጠብቁ ከየገቢያቸው አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ አስወጡ። በዚያ መንገድ ዛሬም አንዱ ለመስቀል፣ ሌላው ለአረፋ ወደ ቤቱ ይገባል። መንገዱ ማንንም እምነቱን አይጠይቅም።

ስለዚህ በየእምነታችን ያለን ተማሪዎች ከሹም ደጅ ይልቅ ከሕዝባችን ደጅ እንቁም። በዕረፍት ጊዜያችን ወደየመንደራችን ስንገባ ላልተማረው እናስተምር፤ የተጣላውን ለማስታረቅ ከሽማግሌዎች ሥር እንቀመጥ። የሚጸናው በዚያ የተተከለው ነው።