ሰባት ሻርፕ ወይስ አምስት ፍላት?

ኖታ የሚያነብ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ከአምስቱ መስመሮች ግራ ጫፍ ላይ ነው። እዚያ የተደረደሩት ምልክቶች ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ይሠራሉ፤ ሻርፕ ድምፁን በግማሽ ቶን ከፍ፣ ፍላት በግማሽ ቶን ዝቅ ያደርጋል። ጂ ሜጀር ኤፍ ላይ አንድ ሻርፕ አለው። ስለዚህ ተጫዋቹ ኤፍ ባገኘ ቁጥር፣ አጠገቡ ምልክት ባይኖርም፣ ኤፍ ሻርፕን ይጫወታል።

ሻርፖቹ ተራ አያዛቡም፦ ኤፍ፣ ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ፣ ቢ። ፍላቶች ይህንኑ ከኋላ ወደ ፊት ይደረድሩታል።

አንዳንዱ ምርጫ ግን ግራ ያጋባል። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ እ.ኤ.አ. በ1722 በሃያ አራቱም ሜጀርና ማይነር ቅኝቶች የፕሬሉድና የፊዩግ ስብስብ አዘጋጀ። ከመካከላቸው ሲ ሻርፕ ሜጀር ሰባት ሻርፕ አለው፤ አንድም ኖታ አልተረፈም! ፒያኖ ላይ ግን እነዚያኑ ቁልፎች ዲ ፍላት ሜጀር ብሎ በአምስት ፍላት መጻፍ ይቻላል። ለጀማሪ ዓይን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አምስቱ ይቀላሉ።

መሣሪያውም ያዳላል። የቫዮሊን ክሮች ጂ፣ ዲ፣ ኤ እና ኢ ስለሆኑ ቫዮሊኒስቶች ጥቂት ሻርፕ ያላቸውን ቅኝቶች ይወዳሉ። የተለመደው ትራምፔት በቢ ፍላት የተቃኘ ነውና የነፋስ መሣሪያ ባንዶች ፍላት ይመቻቸዋል።