የወደቀው መጎናጸፊያ

ኤልሳዕ ወልደ ሳፋጥ 12 ጥማድ በሬ አሰማርቶ፣ ራሱም ከ12ኛው ጥማድ ጋር ሆኖ ሲያርስ፣ ነቢዩ ኤልያስ በአጠገቡ አልፎ መጎናጸፊያውን ጣል ቢያደርግበት፣ ጥማዱን አርዶ፣ ሥጋውን በሞፈሩና በቀንበሩ እንጨት ቀቅሎ ሕዝቡን ካበላ በኋላ ተከተለው። ከዚያም ወዲያ የታወቀበት አገልግሎት የመምህሩን እጅ ማስታጠብ ነበረ።

ከጌልገላ እስከ ቤቴል፣ ከቤቴልም እስከ ኢያሪኮ «ቆይ» ቢባል አልለይም ብሎ ተጓዘ። ዮርዳኖስን ተሻግረው ኤልያስ በዐውሎ ነፋስ ባረገ ጊዜ ግን፣ ለደቀ መዝሙሩ የቀረለት የእሳት ሠረገላ ሳይሆን፣ ጎንበስ ብሎ ከምድር ያነሣው ያ ከመምህሩ የወደቀ መጎናጸፊያና ተመልሶ የሚሻገረው ወንዝ ነበረ።

እንግዲህ የአበውን ጸጋ የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ማስታጠብን ይማር፤ ሽቅብ እያየ ከመቆዘምም ይልቅ፣ የወደቀውን አንሥቶ ወደ ወንዙ ይመለስ።