በክሎሪን የታጠቡ እጆች
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



በኢትዮጵያ ባልቴቶች ዘንድ «የአራስ መቃብር እስከ አርባ ቀን ክፍት ነው» ሲባል የኖረው በከንቱ አይደለም። ከምጡ የተረፈች እናት በወለደች በጥቂት ቀን ውስጥ ብርድ ብርድ ብሏት፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ በትኩሳት ነድዳ የምትሞትበት ዘመን በማናቸውም አገር ረጅም ነበር። የሚያሳፍረው ግን ይህ የአራስ ትኩሳት ከመኖሪያ ቤት ይልቅ በሆስፒታል ውስጥ የበረታ መሆኑ ነው። ነገሩ ጎልቶ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ የቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል ነበር። (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው የአዋላጅነት ተማሪዎች ይሠለጥኑ ነበር። ነፍሰ ጡሮቹ የሚመደቡት እንደ ፈቃዳቸው ሳይሆን በመጡበት ቀን ተራ ነበር። በ1846 በአንደኛው ክፍል ከተመዘገቡት 4,010 ወሊዶች 459 እናቶች ሲሞቱ፣ በሁለተኛው ክፍል ከ3,754 የሞቱት 105 ብቻ ነበሩ። ይህን ልዩነት የከተማይቱ ድኾችም አሳምረው ያውቁት ነበር። ተራው የአንደኛው ክፍል መሆኑን የሰማች ሴት እጇን አጣምራ፣ ተንበርክካ ወደ ሁለተኛው እንድትወሰድ ትለምን ነበር። በመንገድ ላይ ወልደው የመጡት እንኳ በአንደኛው ክፍል ከሚወልዱት ይልቅ በትኩሳቱ የሚያዙት ጥቂቶች ነበሩ።

በሐምሌ 1846 በአንደኛው ክፍል ረዳት ሐኪም ሆኖ የተሾመው ሃንጋሪያዊው ኢግናዝ ሰመልቫይስ ገና ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። በዘመኑ የሚሰጡትን ምክንያቶች አንድ በአንድ መረመረ። የተበከለ አየር ነው እንዳይባል ሁለቱም ክፍሎች የሚተነፍሱት አንድ አየር ነው። መጨናነቅ ነው እንዳይባል ይበልጥ የሚጨናነቀው ሁለተኛው ክፍል ነበር። ለሟቾች የመጨረሻውን ጸሎት ለማድረስ ቃጭል እያስመታ በአልጋዎቹ መካከል የሚያልፈው ቄስ እናቶቹን በድንጋጤ ይጥላቸው እንደሆነም ተጠርጥሮ፣ ቄሱ በሌላ መንገድ እንዲገባ ተደረገ። ሞቱ ግን አልቀነሰም።

በመጋቢት 1847 የአስከሬን ምርመራ መምህሩ ያኮብ ኮሌችካ ሞተ፤ አስከሬን ሲመረመር የአንድ ተማሪ ቢላዋ ጣቱን ወግቶት ነበር። ሰመልቫይስ ከቬኒስ ጉዞው ተመልሶ የወዳጁን የሬሳ ምርመራ ውጤት ሲያነብ፣ በየቀኑ በአራሶቹ ሬሳ ላይ ያየውን ጥፋት አገኘበት። አዋላጆች ሬሳ አይከፍቱም፤ ሐኪሞችና ተማሪዎች ግን ጠዋት ሬሳ ከፍተው፣ እጃቸውን በሳሙና ለቅለቅ አድርገው ወደ ወላዶቹ ይመጡ ነበር። በሳሙና የታጠበው እጅ የሬሳ ሽታውን አልተወም ነበርና፣ ሽታውን የሚያጠፋ ነገር ተፈልጎ ክሎሪን ተመረጠ። ስለ ተሕዋስያን ምንም ያልታወቀበት ጊዜ እንደመሆኑ ምርጫው ከአፍንጫ የመጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ክሎሪኑ በግንቦት 1847 አጋማሽ በሥራ ላይ ዋለ። በሚያዝያ ከመቶ 18 የነበረው ሞት በሰኔ ወደ 2 ገደማ ወረደ። በ1848 ዓመቱን ሙሉ ከ3,556 ወሊዶች የሞቱት 45 እናቶች ሲሆኑ፣ በመጋቢትና በነሐሴ አንዲትም እናት አልሞተችም።

ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፈው ግን በጥቅምት 1847 የሆነው ነው። የማኅፀን ነቀርሳ ያለባት አንዲት ሴት በመጀመሪያው አልጋ ላይ ተኝታ ነበርና ምርመራው ሁልጊዜ ከእርሷ ይጀምር ነበር። መርማሪዎቹ ከእርሷ ወደሚቀጥሉት ሴቶች ሲያልፉ እጃቸውን በሳሙና ብቻ ታጠቡ፤ አብረዋት ከወለዱት አሥራ ሁለት ሴቶች አሥራ አንዱ ሞቱ። ስለዚህ በሽታው ከሬሳ ብቻ ሳይሆን ከሕያው ወደ ሕያው እንደሚተላለፍ ታወቀ፤ በክሎሪን መታጠቡም በእያንዳንዷ ሕመምተኛ መካከል እንዲሆን ታዘዘ። የዛሬው የሆስፒታል ሥርዓት በይበልጥ የሚመስለው ይህን ሁለተኛውን ትእዛዝ ነው።

ይሁን እንጂ ግኝቱን መቀበል ማለት የገዛ እጅን ጥፋት መቀበል ማለት ነበር። ሰመልቫይስ ራሱ በእርሱ እጅ ያለጊዜያቸው ወደ መቃብር የወረዱትን ቍጥር የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ እንደሆነ ጽፏል። ግኝቱን ቀድመው ከተቀበሉት አንዱ የሆነው የኪሉ ሐኪም ጉስታፍ ሚካኤሊስ፣ እርሱ የመረመራት የቅርብ ዘመዱ በዚያው ትኩሳት ሞታ ነበርና፣ በነሐሴ 1848 ራሱን በባቡር ሥር ጣለ። ይህን የሚያህል ሸክም ከመሸከም ማስረጃውን መጠራጠር ለብዙዎች ቀለለ። የክፍሉ ኃላፊ ዮሐን ክላይንም በ1849 የረዳቱን ውል ሳያድስ ቀረ።

ጥፋቱ ግን የተቃዋሚዎች ብቻ አልነበረም። ሰመልቫይስ ከአሥር ዓመት በላይ የግኝቱን ዝርዝር በመጽሐፍ ሳያወጣ ቆየ፤ በ1861 ዓመት የታተመው መጽሐፉም ረጅምና አድካሚ ነበር። ከዚያ በኋላ ባወጣቸው ግልጽ ደብዳቤዎች ያልተቀበሉትን ሊቃውንት ነፍሰ ገዳይ ብሎ ሰደበ። እውነቱ ከእርሱ ጋር ነበር፤ አንባቢውን ግን አባረረ። ነሐሴ 13 ቀን 1865 በቪየና አጠገብ በአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ውስጥ ደሙ ተመርዞ በአርባ ሰባት ዓመቱ ሞተ። በዋዜማው በግላስጎው ጆሴፍ ሊስተር የአንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የተሰበረ እግር በካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ አሽጎ ነበር፤ ልጁም ዳነ። በ1879 ሉዊ ፓስተር የአራስ ትኩሳትን ተሕዋስ እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠለ አድርጎ በፓሪስ የሕክምና አካዳሚ በሰሌዳ ላይ ሣለ።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላም እጅ መታጠብ ቀላል ልማድ አልሆነም። በጄኔቫ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በ1994 በተደረገ ክትትል፣ እጅ መጽዳት በነበረበት ጊዜ የጸዳው ከመቶ 48 ብቻ ነበር፤ ሥራ በበዛ ቁጥርም ይብስ ነበር። ዲዲየ ፒቴና ባልደረቦቹ ሠራተኛውን ወደ መታጠቢያው ከመላክ ይልቅ የአልኮል ጠርሙሱን ወደ አልጋው አጠገብ አመጡት፤ በ1997 ቍጥሩ ወደ 66 ከፍ አለ፤ በሆስፒታሉ የሚያዘው ኢንፌክሽንም ከመቶ 16.9 ወደ 9.9 ወረደ። በሳሙናና በውሃ የሚታጠቡት እንደ ቀድሞው ነበሩ፤ የጨመረው በአልኮሉ መጠቀም ነበር። ነርሶቹና ረዳቶቻቸው በግልጽ ተሻሻሉ፤ ሐኪሞቹ ግን ወደ ኋላ እንደቀሩ ነበሩ።