ስለ ሮቦት መግቢያ ትምህርት በደብረ ማርቆስ ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር



ይህን ትምህርት ስንጀምር አብዛኞቻችን ካቻቢቴ እንኳ ጨብጠን አናውቅም ነበር። ትንሿ መኪናችን ሁለት ሞተር፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በኢጣልያ አገር በኢቭሬያ ለተማሪዎች ታስቦ የተሠራው አርዱዊኖ የተባለ ሰሌዳ፣ እንዲሁም እንደ ሌሊት ወፍ ድምፅ ልኮ ማሚቶውን የሚጠብቅ መሣሪያ አላት። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ማሚቶው የዘገየበት ጊዜ የግድግዳውን ርቀት ይነግራታል።

በመጀመሪያው ቀን 20 ሳንቲ ሜትር ሲቀራት እንድትቆም አዘዝናት፤ እርሷ ግን ሞተሯን ያጠፋችው 10 ሲቀራት ነበርና ተንሸራታ ግድግዳውን ገጨች። ለካ ድምፁ ሄዶ መመለሱን ዘንግተን ለሁለት ሳናካፍል ቀርተናል! ይህ በጥቁር ሰሌዳ ቢነገረን ኖሮ እስከ ማታ በረሳነው ነበር። ገበሬው አባታችንም ማረሻው ሲጠልቅበት የሚያውቀው እርፉን በጨበጠበት እጁ ነው።

ነገር ግን አንድ የራሳችን ጥፋት አለ። ስምንት ሆነን አንዲቱን መኪና ስንከብ ሁለቱ ይሠራሉ፣ የቀሩት ያያሉ፤ እኅቶቻችንም ማስታወሻ ጸሐፊ ሆነው ቀርተዋል። ስለዚህ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ካቻቢቴው በየተራ ይዞራል፤ ባለፈው የጻፈችው ትፈታለች፣ የፈታው ይጽፋል።