የጄኔሬተር ጭስና የቤት ሰላም

እርሷ፦ ወንድሜ ሆይ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ከየሱቁ ደጃፍ የጄኔሬተር ድምፅ ስሰማ፣ ብርሃን ፍለጋ የተነሣ ሰው ሕይወቱን እንዳያጣ ልቤ ይሠጋል።

እርሱ፦ ሥጋትዎ እውነት ነው፤ ቤንዚኑ ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ፣ በዝግ ቤት ከተቀመጠ የከሰል ፍም እንደሚወጣው ሁሉ፣ ሽታም ቀለምም ሳይኖረው በደም ውስጥ የኦክስጅንን ስፍራ ይወስዳልና፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ነፍሱ ከሥጋው ልትለይ ትችላለች።

እርሷ፦ መስኮት መክፈት አይበቃምን?

እርሱ፦ ከቶ አይበቃም፤ ጄኔሬተሩ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ የጭስ ማውጫው ወደ ቤት ሳይዞር፣ በውጭ ይቀመጥ።

እርሷ፦ ደግሞም በጋለው ሞተር ላይ አንዲት የቤንዚን ጠብታ ብትወድቅም እሳት ልትሆን ትችላለችና፣ ነዳጅ ከመጨመር በፊት አጥፍቶ እስኪበርድ መታገሥ ይገባል።

እርሱ፦ አድማጮቻችን ሆይ፣ ጄኔሬተር በሚሠራበት አጠገብ ራስ ምታትና ማዞር ሲሰማችሁ፣ ሳትዘገዩ ወደ ንጹሕ አየር ውጡ።