ደብዳቤው ምን ይበል?
ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ ተቀብሎ ስለ ማሳደግ በአባላት ስብሰባ ላይ፣ ደምበጫ፣ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ደብዳቤ ነው። ከአምና ወዲህ ከአባሎቻችን መካከል ሁለት ቤተሰቦች በሕፃናት ማሳደጊያ ያለ፣ የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ ወስደን እናሳድግ ብለው ተነሡ። ሁለቱም የተቸገሩት አንድ ቦታ ላይ ነው። ልጁን ለምን እንደፈለጉትና እንዴት እንደሚያሳድጉት በጽሑፍ እንዲገልጹ ሲጠየቁ ብዕሩ ከበዳቸው። «የምንለውማ ሞልቷል፤ ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ጠፋብን» አሉን። ከኮሚቴው ጋር ተቀምጠን አብረን ጻፍን። ነገ ሌላዋ እኅታችን በዚሁ መንገድ ስትሄድ ብቻዋን እንዳትሆን፣ በዚያ ሥራ ያየነውን ለሁላችሁ ልናካፍል ወደድን።

የሰው ልጅ ወስዶ ማሳደግ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን አውራ ጣታቸውን ማር ነክረው ለሕፃኑ እያጠቡ የጡት ልጅ ያደርጉ ነበር። ዛሬ ሕጉ የሚጠቀምበት «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃልም ከኦሮሞ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ባህል የመጣ ነው። በዚያን ጊዜ ደብዳቤ የሚጠይቅ አልነበረም። ለምን ቢባል፣ ልጁን የሚሰጠውም የሚቀበለውም ይተዋወቃሉ። የዚያ ቤት ሴት እጇ ለስላሳ ይሁን ሻካራ፣ የዚያ ቤት ወንድ ሲመሽ ጠጥቶ ይግባ አይግባ፣ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ። ስለ ቤቱ የሚመሰክረው መንደሩ ነበር።

በማሳደጊያ ያለ ልጅ ግን እንዲህ ያለ መንደር የለውም። ፋይሉን የያዘው ማኅበራዊ ሠራተኛ እኛን አያውቀንም፤ ስምምነቱን የሚያጸድቀው ዳኛም አያውቀንም። ስለዚህ ደብዳቤው የቆመው በሽማግሌዎቹ ቦታ ነው። ሽማግሌዎቹ ስለ ቤታችን ይናገሩት የነበረውን፣ መልካሙንም ጉድለቱንም፣ አሁን በራሳችን እጅ እንድንጽፈው ተጠየቅን ማለት ነው። ይህን ካሰብነው ምን መጻፍ እንዳለብን ግማሹ ተመለሰ።

ስለዚህ ጉዳይ ዛሬ ማንሣት ያስፈለገበት ሌላም ምክንያት አለ። ለብዙ ዓመታት በማሳደጊያ ያሉ ልጆቻችንን የሚወስዱት በብዛት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2017 ባለው ጊዜ አሜሪካውያን ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆችን በጉዲፈቻ ወስደዋል። ብዙዎቹ በፍቅር አድገዋል። ነገር ግን በሐሰት ወላጅ አልባ ተብለው የሄዱ ልጆች እንደነበሩ ታወቀ፤ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አንዲት ልጃችን በአሳዳጊዎቿ ቤት ተሠቃይታ ሞታ፣ አሳዳጊዎቿ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለዋል። በመጨረሻም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን አስቀረ። አዋጁ ቁጥር 1070/2010 ነው።

በሩ ሲዘጋ ልጆቹ እዚሁ ቀሩ። ከሌሎቹ ይልቅ የሚቆዩት ደግሞ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ናቸው፤ ሊወስድ የሚመጣ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጤነኛና ትንሽ ሕፃን ነውና። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ወላጅ አልባ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንዲደረግላቸው፣ በጉዲፈቻ የሚያድጉበት መንገድም እንዲስፋፋ ይላል። ያ ቃል እኛንም ይመለከታል።

ደብዳቤ መጠየቅ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ቻይና የውጭ አገር ጉዲፈቻን እስካቆመችበት እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ፣ ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ ለመውሰድ የሚያመለክት ቤተሰብ ሁሉ የፍላጎት መግለጫ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። በደብዳቤው የሚጠየቀው የልጁን የሕክምና መረጃ አንብቦ እንደተረዳና ምን ዓይነት ሕክምናና እንክብካቤ እንዳቀደለት ነው። ያን ሥርዓት ባንከተልም ጥያቄው ለእኛም ይበጃል። «ልጁን ትወዱታላችሁ ወይ?» ሳይሆን «ልጁን ታውቁታላችሁ ወይ? ምንስ አሰናድታችኋል?» የሚል ነው።

እኅቶቻችን መጀመሪያ ይዘውልን የመጡት ጽሑፍ በሐዘኔታ የተሞላ ነበር። «አንጀታችን ተላወሰ፤ ለነፍሳችን ብለን፤ እግዚአብሔር ይከፍለናል» ይላል። ይህ ከልብ የመጣ ቃል ነው፤ ማንም አይንቀውም። ሆኖም ማኅበራዊ ሠራተኛው ከዚህ ተነሥቶ ልጁ ነገ ጠዋት ምን እንደሚበላ፣ ማን እንደሚያጥበው ማወቅ አይችልም። ልጁም አድጎ ያን ወረቀት ቢያነበው ራሱን እንደ ምጽዋት ያየዋል። ጽድቁ በእናንተና በፈጣሪ መካከል ይሁን፤ ደብዳቤው ስለ ልጁ ይናገር፤ ብለን ተስማማን።

ከዚያ ወደ ሐኪሙ ሄደው ሁለት ጥያቄ እንዲጠይቁ ነገርናቸው። የመጀመሪያው፣ ከዚህ ሕመም ምኑ ይድናል? ሁለተኛው፣ ምኑ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል? ሁለቱን ለይቶ ሳያውቅ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ያላየውን መሬት እንደሚከራይ ነው።

ምሳሌ እንስጥ። እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ የተወለደ ሕፃን፣ ቆልማማ የምንለው፣ በጊዜ ከተያዘ አብዛኛውን ጊዜ ይቃናል። የፖንሴቲ ዘዴ በሚባለው ሕክምና እግሩ በየሳምንቱ በጀሶ እየታሠረ ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ ብዙዎቹም በተረከዝ ጅማት ላይ ትንሽ ቀዶ ጥገና ይደረግላቸዋል። ከዚያ በኋላ ግን በብረት የተያያዘ ልዩ ጫማ አለ። መጀመሪያ ለሦስት ወር ያህል ቀንና ሌሊት፣ ቀጥሎም ልጁ አራት ዓመት እስኪሞላው ሌሊት ሌሊት ይደረጋል። ጀሶውን የሚያስረው ሐኪም ነው። እያለቀሰ ያለ ልጅን በየማታው ጫማውን የሚያጠልቅለት ግን አሳዳጊው ነው፤ ጫማው ከተተወ እግሩ ተመልሶ ይዞራል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ የሚወስድ ቤተሰብ «እናሳክማለን» ብሎ ቢያቆም አልበቃም፤ «በየማታው ጫማውን የሚያደርግለት እገሌ ነው» ይበል።

ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው ግን ሌላ ነው። አእምሮ ገና በማደግ ላይ ሳለ በመጎዳቱ የሰውነት እንቅስቃሴ ይታወካል። ይህ ጉዳት አይድንም፤ በፊዚዮቴራፒ፣ በትዕግሥትና በአመጋገብ ጥንቃቄ ግን ልጁ የሚችለው ይበዛል። እዚህ ላይ «ጸበል እናስጠምቀዋለን፤ ይድናል» ብለው የጻፉ እንዳሉ እናውቃለን። ጸበሉን ማንም አይከለክልም። እንቅስቃሴውና መድኃኒቱ ግን በጸበሉ ምክንያት መቋረጥ የለበትም፤ ይህንም ደብዳቤው በግልጽ ቢያስቀምጠው ለልጁም ለቤተሰቡም ይጠቅማል።

አሁን ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱ በመጨረሻ የጻፈውን፣ ፈቅደውልን፣ የሚያሳውቃቸውን ነገር አውጥተን እናንብብላችሁ።

«እኛ በደምበጫ ከተማ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። ባለቤቴ አናጢ ነው፤ እኔ እንጀራ ጋግሬ እሸጣለሁ። የ14 እና የ10 ዓመት ልጆች አሉን። ልጅቷን ሦስት ጊዜ ሄደን አይተናታል። ሐኪሙ ሴሬብራል ፓልሲ እንዳለባት፣ ያለ ድጋፍ ላትሄድ እንደምትችል ነግሮናል፤ ይህን አውቀን ነው የምንጠይቀው።

«ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ የምጋግር ስለሆነ ጠዋት ምግቧን የሚያበላት ባለቤቴ ነው። እንዳያንቃት ቀና ብላ ተቀምጣ በትንሽ በትንሹ መጉረስ እንዳለባት ተምሯል። ባለሙያው ያሳየንን እንቅስቃሴ ጠዋት እሱ፣ ማታ እኔ እናሠራታለን። ምድጃችን መሬት ላይ ስለሆነ እንዳትቃጠል የማድ ቤቱ በር ላይ የእንጨት መከለያ ሠርተናል። የምትቀመጥበትን ወንበርም ባለቤቴ ራሱ ይሠራል።

«ልጆቻችንን ጠይቀናል። ትልቋ ‹እኔ እይዛታለሁ› ብላለች። እኛ ግን እኅቷን ለመጠበቅ ብላ ከትምህርት ቤት እንድትቀር አናደርግም። እኔ የታመምሁ እንደሆነ እናቴ ትመጣለች፤ ቤቷ ከእኛ ጎረቤት ነው።

«የማንችለውም አለ። ቤታችን ኪራይ ነው። አዲስ አበባ የሚያስኬድ ሕክምና ቢመጣ ወጪውን ብቻችንን አንችልም፤ ማኅበራችንን እንጠይቃለን። ልጅቷ ስሟን እንደያዘች ትኖራለች። ከየት እንደመጣች ስትጠይቀን እውነቱን እንነግራታለን።»

እንግዲህ ይህ ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ቃሉም ያልተኳኳለ ነው። ግን ያነበበ ሁሉ ያን ቤት አየው። «የማንችለውም አለ» የሚለውን ስታነቡ የደነገጣችሁ ትኖሩ ይሆናል። «ይህን ካሉማ ይከለከላሉ» ያሉን ነበሩ። እኛ የምናምነው ሌላ ነው። ጉድለቱን ያልጻፈ ቤተሰብ ጉድለቱ በመጣ ቀን ለማን ይነግራል? የጻፈ ግን አስቀድሞ ረዳት ጠርቷል።

እዚህ ላይ ሕጉንም ማወቅ ይገባል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ጉዲፈቻ አድራጊው 25 ዓመት የሞላው እንዲሆን ያዛል፤ ባልና ሚስት ከሆኑ የአንዳቸው መሙላት ይበቃል። ያገባ ሰው፣ የትዳር ጓደኛውን ልጅ ካልሆነ በቀር፣ ብቻውን ጉዲፈቻ ማድረግ አይችልም፤ ሁለቱም ይስማማሉ። ስምምነቱ የሚጸናው ፍርድ ቤት ለልጁ ጥቅም መሆኑን መርምሮ ሲያጸድቀው ነው። በክልላችን የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ስለሆነ፣ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ጉዳይ ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አቅርቦ ማጣራት ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ልብ በሉልን። በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ በሕግ እንደ ተወለደ ልጅ ይቆጠራል፤ ስምምነቱም እንደ ሌላ ውል «ሐሳቤን ለወጥሁ» ተብሎ የሚፈርስ አይደለም። ፍርድ ቤት የሚሽረው አሳዳጊው በልጁ ላይ ከባድ በደል ሲፈጽም፣ እንደ ባሪያ ሲያደርገው፣ ልጁን ለማዳን ነው፤ አሳዳጊው ስለደከመው አይደለም። ልጅ እንደ ተዋሱት ምጣድ አይመለስም።

ስለ ሁለተኛው ቤተሰብም እንንገራችሁ። እነሱ ደብዳቤውን ጽፈው አልጨረሱም። «ሌሊት ማን ይነሣል?» የሚለው ላይ ሲደርሱ ባል ዝም አለ። ሚስት አየችው። ሁለት ሳምንት ሲመካከሩ ሰነበቱና ተመልሰው መጡ፤ «አሁን አንችልም» አሉን። ከመካከላችን «ልጁ ዕድሉን አጣ» ብለው ያዘኑ አሉ፤ ሐዘናቸው ይገባናል። እኛ ግን ቤተሰቡን አመስግነን ነው የሸኘናቸው። ያ ልጅ አንድ ጊዜ ተጥሏል። ስድስት ወር እቤታቸው ኖሮ፣ «እማዬ» ማለት ለምዶ፣ ዳግመኛ ቢመለስ ኖሮ ያን ማን ይጠግነው ነበር? ደብዳቤው ሥራውን ሠርቷል። ቤተሰቡም ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልቀረም፤ ሚስትዮዋ ለመጀመሪያው ቤተሰብ በገበያ ቀን ልጅቷን ትይዝላቸዋለች።

እንግዲህ የእኛ የማኅበሩ ድርሻ ምንድን ነው? በስብሰባ ተነጋግረን የወሰንነው ሦስት ነገር ነው። ደብዳቤ መጻፍ የከበደው አባል ቢመጣ ሁለት የኮሚቴ አባላት አብረውት ይቀመጣሉ፤ ቃሉን አንሰጠውም፣ እንጠይቀዋለን እንጂ። እንዲህ ያለ ልጅ ያለበት ቤት የምታርፍበት ቀን እንዲኖራት ለእናትየዋ በየተራ እናግዛለን፤ ለቀብርና ለሠርግ የምንሰበሰብ ሰዎች ለዚህ አንጠፋም። ከቁጠባችንም ለሕክምና መጓጓዣ የሚሆን ትንሽ ሒሳብ ለብቻው ከፍተናል።

በውጭም በአገር ውስጥም ያላችሁ ደጋፊዎቻችን፤ ብዙ ጊዜ «ለልጆቹ ምን እንላክ?» ትሉናላችሁ። ልብስና አሻንጉሊት በፍቅር ስለላካችሁልን እናመሰግናለን። ከዚህ በኋላ ግን የምንለምናችሁ የሚቆይ ነገር ነው። ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል የሚያመላልስ የመኪና ሒሳብ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መጥቶ አሳዳጊዎችን የሚያሠለጥንበት ቀን፣ ልጁ ሲያድግ የሚቀየር ወንበርና ጫማ። ይህ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያልቅ አይደለም። የልጅቷ እግር ያድጋል፤ ጫማውም አብሮ ይቀየራል። ለአንድ ዓመት ብዙ ከመስጠት ለአምስት ዓመት ጥቂት ጥቂት መስጠት ለእኛ ይበልጣል።

እናቶቻችን፣ እኅቶቻችን፤ ከመካከላችሁ ይህን ሐሳብ በልቧ ይዛ ዝም ያለች ካለች፣ ከስብሰባው በኋላ ወደ እኛ ትምጣ። ባዶ ወረቀት ይዛ ብትመጣ ይበቃል። መጀመሪያ የምንጠይቃት ግን፣ አስቀድመን እንንገራት፣ «ሌሊት ማን ይነሣል?» የሚለውን ነው።