ኮድን በቀለም ለይቶ ማንበብ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ነው፤ በተርሚናል በሚሠራ ኤዲተር ውስጥ ኮድን በቀለም እየለዩ ስለ ማየት። ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ ገብቶ የሠራ ሰው ግን ትንሽ እንዳልሆነ ያውቃል። እዚያ ማውዝ የለ፣ መስኮት መደርደር የለ፤ ያለው ፊደል ብቻ ነው።

ቀለሙ ከየት ይመጣል? ኤዲተሩ ከፊደሉ አስቀድሞ ለተርሚናሉ ትእዛዝ ይልካል። ኤስኬፕ፣ የአራት ማዕዘን ቅንፍ መክፈቻ፣ 31 እና «ኤም» ከተላከ ቀጥሎ የሚመጣው ጽሑፍ ቀይ ይሆናል፤ በ31 ፈንታ 32 ከሆነ አረንጓዴ። ፋይሉ ውስጥ ግን ከዚህ አንዳች አይገባም። የብራና ጸሐፊዎቻችን የእመቤታችንን ስም በቀይ ሲጽፉ ቀለሙ ከመጽሐፉ ጋር ይኖራል፤ እዚህ ግን ፋይሉን ለጓደኛችሁ ብትልኩለት የሚደርሰው ፊደሉ ብቻ ነው፤ የሚቀባው የራሱ ኤዲተር ነው። ስለዚህ «ቀለም ባበራ ፕሮግራሜ ይበላሻል ወይ?» ለሚል ጀማሪ መልሱ አጭር ነው፦ አይበላሽም።

ቪም የተባለውን ኤዲተር እንውሰድ። ሆላንዳዊው ብራም ሙለናር እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ አወጣው፤ ይህ ቀለም የመለየት ችሎታ የተጨመረበት ግን በ1998 በወጣው 5.0 ነው። (ሙለናር ፕሮግራሙን በነጻ ሰጥቶ፣ የወደደው ሰው ዩጋንዳ ውስጥ ላሉ ችግረኛ ልጆች እንዲለግስ ይለምን ነበር። ነፍሱን ይማር።) ቀለሙን ማብራት ቀላል ነው፤ ኮሎን ተጭኖ «ሲንታክስ ኦን» ብሎ መጻፍ። በከፈታችሁት ቁጥር እንዲበራ ከፈለጋችሁ ያንኑ መስመር፣ ያለ ኮሎኑ፣ በቤት ማኅደራችሁ ባለው በነጥብ በሚጀምረው የቪምአርሲ ፋይል ውስጥ አስቀምጡት።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከዚህ በኋላ ነው። ኡቡንቱ በተባለው ሊኑክስ ላይ «ቪአይ» ብላችሁ ስትጽፉ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው «ቪም ታይኒ» የተባለው ትንሹ ቅጂ ነው፤ ቀለም ስትጠይቁት ኢ319 የሚል ስሕተት አሳይቶ ትእዛዙ እንደሌለው ይነግራችኋል። የቪምአርሲውን ፋይል ደጋግሞ መነካካት ዋጋ የለውም፤ ሙሉውን ቪም መጫን ነው። ሌላው ችግር አስተያየቶች (ኮመንቶች) በጥቁር ላይ በጥቁር ሰማያዊ ወጥተው አልነበብ ማለታቸው ነው፤ «ሴት ባክግራውንድ=ዳርክ» የሚለው መስመር ይፈታዋል። ናኖ በተባለው ኤዲተር ነገሩ ይቀላል፤ በብዙ ሊኑክስ ላይ ቀለሙ አስቀድሞ በርቶ ይጠብቃችኋል።

ጥቅሙን በዓይናችሁ እዩት። ቪም ውስጥ በፓይተን «ሰላም» የሚል ጽሑፍ ከፍታችሁ የመዝጊያውን ጥቅስ ብትረሱ፣ ከዚያ ጀምሮ እስከሚቀጥለው ጥቅስ ድረስ ያለው መስመር ሁሉ የጽሑፍ ቀለም ይለብሳል። ፕሮግራሙን ሳታስኬዱ ስሕተቱ የት እንደጀመረ አወቃችሁ ማለት ነው።

ያም ሆኖ ቀለም ምስክር አይደለም። ቪም የሚያየው የቃላቱን ቅርጽ እንጂ ትርጉሙን አይደለም፤ የተለዋዋጭ ስም በአንድ ፊደል ብትስቱ ዝም ይላል። አንድ መስመር ከ3000 ዓምድ ካለፈም፣ ማስተካከያውን ካልቀየራችሁት በቀር፣ የቀረውን መቀባት ያቆማል።

በመጨረሻ የኮምፒውተር ላቦራቶሪ ለምትመሩ አንድ ልመና አለኝ። ለአዲስ ተማሪ አካውንት ስትከፍቱ ሙሉውን ቪም ጫኑለት፤ «ሲንታክስ ኦን» እና «ሴት ባክግራውንድ=ዳርክ» የሚሉት ሁለት መስመሮች የገቡበትን የቪምአርሲ ፋይልም አብራችሁ አስቀምጡለት።